በሱቅ ደብተር የሚያድር የይለፍ ቃል

አዘዞ የመንገድ መገናኛ ናት። ወደ ባሕር ዳር የሚወርደው፣ በቆላ ድባ አልፎ ጎርጎራ የሚደርሰው፣ በአይከል በኩል መተማ የሚዘልቀው መንገድ ሁሉ እዚያ ይለያያል፤ የጎንደር አጼ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያም እዚያው ነው። መንገደኛ በሚበዛበት ቦታ ሞባይል ቤት አይጠፋም። የሰሊጥ አጨዳ አልቆ ከመተማ ቆላ የሚመለስ ወጣት ላቡን አፍስሶ ካገኘው ገንዘብ ቀንሶ ስልክ ይገዛል። የሱቁ ልጅ ሲም ካርዱን ያስገባለታል፣ ጂሜይል ይከፍትለታል፣ ፌስቡክና ቴሌግራም ይጭንለታል። የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ሣጥን ሲመጣ ግን ስልኩን ወደ ገዢው አያዞርም። የገዢውን ስም በላቲን ፊደል ይጽፍና መጨረሻው ላይ 123 ይጨምርበታል፤ ካልሆነም የስልክ ቁጥሩን ራሱን ይደግመዋል። ደግ ልጅ ከሆነ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ይሰጠዋል። ጠንቃቃ ከሆነ ደግሞ ደንበኛው ረስቶ ሲመጣ እንዳይቸገር በሱቁ ደብተር ላይ ይመዘግበዋል።

ማንም ክፉ አስቦ አይደለም። ሻጩ ሊረዳ፣ ገዢው ሊገላገል ነው። በአዘዞ ብቻ ሳይሆን በጎንደር ፒያሳም፣ በባሕር ዳርም፣ በአዲስ አበባ መርካቶም የሚደረገው ይኸው ነው። ነገር ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የወጣቱ ሒሳብ ቁልፍ በሦስት ቦታ ይቀመጣል፦ በስልኩ፣ በብጣሹ ወረቀትና በሱቁ ደብተር። በአእምሮው ውስጥ ብቻ የለም። ልጁ ሥራ ሲለቅ፣ ሱቁ ለሌላ ሲከራይ፣ ደብተሩ አሮጌ ዕቃ መሀል ሲጣል፣ የስንት ሰው ስምና የይለፍ ቃል አብሮ እንደሚሄድ የሚጠይቅ የለም።

ስለ ጠንካራ የይለፍ ቃል የሚሰጠው የተለመደ ምክር ሰሚ የማያገኘው ለዚህ ነው። በየዓመቱ በጥቅምት የሳይበር ደኅንነት ወር ሲከበር ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ቀላቅሉ የሚል ማሳሰቢያ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ይነገራል። ምክሩ የሚጀምረው ግን ሰውየው የይለፍ ቃሉን ራሱ እንዳወጣው አድርጎ በማሰብ ነው። ብዙው ሰው ግን አላወጣውም፤ ሌላ ሰው አወጣለት። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ የይለፍ ቃሉ ምን ያህል ጠንካራ ነው የሚለው ሳይሆን የማን ነው የሚለው መሆን አለበት።

ጉዳዩ እንደ ቀድሞው ፎቶ ከመለጠፍና ሰላምታ ከመላክ አያልፍም የሚባልበት ጊዜ አልፏል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ የተመዝጋቢው ቁጥር ከ50 ሚሊዮን በላይ ሆኗል። በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲከፈል ሲወሰን ባጃጅ ነጂውም የጭነት መኪና ሾፌሩም ሳይወድ በግድ የፒን ባለቤት ሆነ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያም ማረጋገጫውን በአጭር መልእክት ወደ ስልክ ይልካል፤ ስልኩ የሌላ ሰው ከሆነ ማረጋገጫውም ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። የባንክ መተግበሪያው፣ ከውጭ አገር የሚላከው ገንዘብ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ፣ ሁሉም ከዚያች አንድ ስልክ ጋር ተሳስሯል። የጂሜይሉን የይለፍ ቃል የያዘ ሰው ደግሞ በጂሜይሉ የተከፈቱትን ሌሎች ሒሳቦች አንድ በአንድ እየቀየረ ሊወስዳቸው ይችላል፤ «የይለፍ ቃል ረስቻለሁ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ከሁሉ በፊት ፒኑን እንመልከት፤ ብዙ ሰው በቀን ብዙ ጊዜ የሚነካው እሱን ነውና። ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ሰው ኮከብ 127 መሰላል ብሎ ቴሌብርን ሲከፍት የሚያስገባቸው ስድስት አሃዞች በስክሪኑ ላይ በግልጽ ይታያሉ። በመተግበሪያው ላይ እንደሚደረገው በነጠብጣብ አይሸፈኑም። በነዳጅ ማደያ ሰልፍ መሀል፣ ከኋላ ሦስት ሰው አንገቱን አስግጎ በቆመበት፣ ሾፌሩ ፒኑን አንድ በአንድ ይጫናል። ስልኩን ለቀጂው አቀብሎ ቁጥሩን ጮክ ብሎ የሚናገርም አለ። በወኪል ሱቅ ደጃፍ የሚታየው ደግሞ የበለጠ ልብ የሚነካ ነው። ከገጠር የመጡ እናት ልጃቸው ከአዲስ አበባ የላከላቸውን ብር ሊያወጡ ይቆማሉ። ዓይናቸው የስክሪኑን ጽሑፍ አይለይም፤ ወኪሉም ሰልፉ ረዝሞበታል። «እናቴ፣ ቁጥሩን ይንገሩኝ፣ እኔ ልጨርስልዎ» ይላቸዋል። እሳቸውም በሙሉ እምነት ይነግሩታል፤ ምርቃትም ይጨምሩለታል። መቶ ጊዜ ምንም አይሆንም። መቶ አንደኛው ጊዜ ግን ፒኑን የሰማው ወኪሉ ብቻ አይደለም።

የፒኑ አመራረጥም ራሱን የቻለ ችግር ነው። ስድስት አሃዝ ያለው ቁጥር ከ000000 እስከ 999999 አንድ ሚሊዮን አማራጭ አለው። አብዛኛው ሰው ግን የሚቀናው የልደት ቀኑን ማስገባት ነው፦ ቀን፣ ወር፣ ከዓመተ ምሕረቱም የመጨረሻዎቹን ሁለት ቁጥሮች። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ዓመቱ 365 ቀን ነው ብለን፣ የሰዎችን ዕድሜ እስከ 80 ብንዘረጋው፣ ጠቅላላው 29,200 ይሆናል። ከአንድ ሚሊዮኑ ውስጥ ሦስት በመቶ እንኳ አልሞላም። ዕድሜውን የሚያውቅ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ ከሆነ ፈላጊው፣ የሚቀሩት 365 ብቻ ናቸው። የልደቱን ቀን በፌስቡክ ላይ ካየውማ የሚቀረው ነገር የለም። አንዳንዱ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ሳይሆን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ማስገባቱን እንደ ብልሃት ይቆጥረዋል። ብልሃቱ ለውጭ አገር ሌባ ሊሠራ ይችል ይሆናል፤ እዚሁ አጠገቡ ያለው ሰው ግን የሚቆጥረው በዚያው አቆጣጠር ነው።

ባለ አራት አሃዙ ከዚህም ይብሳል። ኒክ ቤሪ የተባለ የመረጃ ተንታኝ እ.ኤ.አ. በ2012 ከተለያዩ የመረጃ ዝርፊያዎች የወጡ 3.4 ሚሊዮን ባለ አራት አሃዝ ቁጥሮችን ሲመረምር፣ 11 በመቶ የሚጠጉት 1234 ሆነው አገኛቸው። በብዛት የተመረጡት 20 ቁጥሮች ብቻ ከጠቅላላው 27 በመቶ ገደማ ይሸፍኑ ነበር። በ19 የሚጀምሩ ዓመቶችም በብዛት ነበሩበት። እዚህ አገር የሚሞክር ሰው ከ1234 ቀጥሎ 1888ን እንደማይዘነጋ መገመት አያዳግትም፤ ዐድዋን የማያውቅ የለምና።

ከፒኑ ወደ ይለፍ ቃሉ ስንመጣ፣ ዓለም ለአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በተሳሳተ መንገድ መሄዷን ማወቅ ይጠቅማል። ኮምፒውተር ላይ የይለፍ ቃል መጠቀም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ በአሜሪካው ኤምአይቲ፣ በፈርናንዶ ኮርባቶ መሪነት አንድን ኮምፒውተር ለብዙ ሰው ለማጋራት በተሠራው ሥርዓት ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ምክር ተሰጠ። ከሁሉ ይበልጥ የተከበረው እ.ኤ.አ. በ2003 የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ያወጣው ሰነድ ነበር። ጸሐፊው ቢል ቡር ትልቅና ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት እንዲደባለቅ፣ የይለፍ ቃሉም በየጊዜው እንዲለወጥ መከረ። ባንኩም፣ መሥሪያ ቤቱም፣ ዩኒቨርሲቲውም ምክሩን እንደ ሕግ ተቀበለው። እ.ኤ.አ. በ2017 ቡር ጡረታ ከወጣ በኋላ ለዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ በጻፈው ነገር እንደሚጸጸት ተናገረ። ተቋሙም በዚያው ዓመት መመሪያውን ለውጦ፣ ሰዎች በየሦስት ወሩ እንዲቀይሩ አታስገድዱ፣ ምልክት ቀላቅሉ ብላችሁ አታስጨንቁ፣ ይልቅ ረጅም እንዲጽፉ ፍቀዱላቸው፣ ቀድሞ ተሰርቆ የወጣውን ደግሞ አትቀበሉ አለ።

የለወጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሦስት ወር አንድ ጊዜ ለውጥ የሚባል ሰው አዲስ አያወጣም፤ መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ይለውጠዋል። በአሜሪካ የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት የተዘጉ 10,000 ያህል ሒሳቦችን የድሮ የይለፍ ቃሎች ተመልክተው፣ የቀድሞውን ያወቀ ሰው ከአምስት በማይበልጥ ሙከራ የ17 በመቶውን አዲስ ቃል ሊገምት እንደሚችል አሳይተዋል። ይህ ሁሉ ከታወቀ በኋላ ዛሬም በአገራችን በየመሥሪያ ቤቱ «የይለፍ ቃልዎ ጊዜው አልፏል» የሚል መልእክት ሠራተኛውን ማለዳ ማለዳ ያስጨንቀዋል። ሠራተኛውም በብጫቂ ወረቀት ጽፎ ኮምፒውተሩ ጠርዝ ላይ ይለጥፈዋል። ቲቪ5 ሞንድ የተባለው የፈረንሳይኛ ቴሌቪዥን ጣቢያ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2015 ከባድ የመረጃ ጥቃት ደርሶበት ሳለ፣ ስለ ጥቃቱ አንድ ጋዜጠኛው ሲጠየቅ ከጀርባው የተለጠፉት የጣቢያው የይለፍ ቃሎች በቴሌቪዥን ታይተዋል። ጥፋቱ የሠራተኛው ስንፍና ብቻ አይደለም። የማይታወስ ነገር እንዲያስታውስ የሚያስገድደው ደንብም የጥፋቱ ተካፋይ ነው።

በአማራ ክልል ደግሞ የመታወስ ነገር ከሌላው ቦታ ይልቅ ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በየቀኑ ሲተየብ የኖረ የይለፍ ቃል ለወራት ሳይነካ ሲቀር ከጣትም ከአእምሮም ይጠፋል። ትርጉም የሌለው የምልክትና የቁጥር ድብልቅ ከሆነማ ወራትም አይቆይ። ረስቶ የመጣው ሰው ወደ ሞባይል ቤቱ ይመለሳል፤ ሞባይል ቤቱም እንደገና ስሙንና 123ን ይሰጠዋል።

የዚህ አካባቢ ሰው ግን የማስታወስ ችሎታ ጎድሎበት አያውቅም። አቋቋም በጎንደር በአታ፣ ድጓ በጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት በዙር አምባ የሚመሰከርበት አገር ነው። የቆሎ ተማሪ ውዳሴ ማርያሙን በቃሉ ይይዛል፣ 150ውን መዝሙረ ዳዊት ይወጣል፣ ከዚያም አልፎ በዓመት ዙሪያ የሚባለውን ዜማ ከነምልክቱ በልቡ ያስቀምጣል። ፊደል ያልቆጠሩ እናቶችም የአገሩን የዘር ሐረግ ሰባት ቤት ቆጥረው ይናገራሉ። የሰው አእምሮ ቃልን፣ ዜማንና ታሪክን ይይዛል፤ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ግን አይቆይበትም። የይለፍ ቃልም ከዚህ ችሎታ ቢነሣ ነው የሚሻለው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቃል የተያዘ ነገር ሁሉ ለይለፍ ቃል አይሆንም። ከዳዊት የተወሰደ ኀረግ፣ ሁሉ የሚያውቀው ዘፈን፣ የተለመደ ተረት ለባለቤቱ የሚታወሰውን ያህል ለሌላውም ይታወሳል። ሌቦች የሚጠቀሙባቸው የመገመቻ ፕሮግራሞችም የታወቁ ጽሑፎችን አስቀድመው ይሰበስባሉ። በዚህ ረገድ አብነቱ ቅኔ ቤት ነው። ባለ ቅኔ የተዘረፈ ቅኔ መልሶ አይዘርፍም፤ በየዕለቱ አዲስ ያወጣል። የይለፍ ቃልም ከዚያ በፊት ማንም ያላለው መሆን አለበት።

ታዲያ እንዴት ይወጣል? እ.ኤ.አ. በ1995 አርኖልድ ራይንሆልድ የተባለ አሜሪካዊ ዳይስዌር ብሎ የሰየመውን ዘዴ አቀረበ። 7,776 ቃላት በቁጥር ተደርድረው ይቀርባሉ፤ ሰውየው ሉዶ የሚጫወቱበትን ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ አምስት ጊዜ ይጥልና የወጡት ቁጥሮች የሚያመለክቱትን ቃል ይወስዳል። ይህን ለአምስት ወይም ለስድስት ቃላት ይደጋግመዋል። ጥንካሬው ያለው ቃሎቹ በዕጣ እንጂ በሰው ምርጫ ባለመውጣታቸው ላይ ነው። ሰው ሲመርጥ ፍቅረኛውን፣ ከተማውን፣ ቡድኑን ይመርጣል፤ ዕጣ ግን ማንንም አያውቅም።

ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። ስምንት ትንንሽ የላቲን ፊደሎች ያሉት የይለፍ ቃል 209 ቢሊዮን ገደማ አማራጭ አለው። ብዙ ይመስላል። አንድ ድርጅት የደንበኞቹን የይለፍ ቃል ኤምዲ5 በተባለው አሮጌ ዘዴ አስቀምጦ ቢዘረፍ ግን፣ ለጨዋታ የሚሸጥ አንድ ጠንካራ የግራፊክስ ካርድ በሰከንድ ከ100 ቢሊዮን በላይ ግምት ይሞክራል፤ ስምንቱ ፊደል በሁለት ሰከንድ አካባቢ ያልቃል። በዕጣ ከ7,776 ቃላት የወጡ አምስት ቃላት ግን በዚያው ፍጥነት ሁሉንም ለመሞከር ዘጠኝ ዓመት ይፈጃሉ። ስድስት ቃላት ከሆኑ 70,000 ዓመት ገደማ ይሆናል። አንድ ቃል መጨመር የሚያመጣው ልዩነት ይህን ያህል ነው፤ አንድ ምልክት መጨረሻ ላይ መለጠፍ ግን ለዚህ አይጠጋም።

የአማርኛ ተናጋሪ ዳይስ ባይኖረው ወፍራም መዝገበ ቃላት ይበቃዋል። የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን ወይም የከሣቴ ብርሃን ተሰማን መዝገበ ቃላት አምጥቶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ገጽ ይግለጥ፣ ጣቱን ያሳርፍ። ያረፈበት ቃል እንግዳ ከሆነበት ከሥሩ ያለውን የሚያውቀውን ቃል ይውሰድ። እንበልና ጉልቻ፣ ደመና፣ መርፌ፣ ብርቱካን፣ ቀበሮ ወጡለት። አሁን አእምሮው ሥራውን ይሥራ፦ ቀበሮዋ ጉልቻ ላይ ተቀምጣ፣ ብርቱካን እየበላች፣ በመርፌ ደመና ትሰፋለች። ይህን ሥዕል አንዴ ያሰበ ሰው ከወር በኋላም አይጠፋበትም። ኢንተርኔት ለግማሽ ዓመት ቢዘጋም ቀበሮዋ እዚያው ጉልቻው ላይ ትጠብቀዋለች። እነዚህ አምስት ቃላት በጋዜጣ ስለወጡ ግን ማንም እንዳይወስዳቸው፤ እያንዳንዱ የራሱን ያውጣ።

አጻጻፉ ላይ የአማርኛ ተናጋሪን ብቻ የሚያጋጥም ችግር አለ። ጉግል የይለፍ ቃልን የሚቀበለው በመደበኛው የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ብቻ ስለሆነ ፊደላችን አይሠራም። ሌሎች ድርጅቶች ቢፈቅዱም እንኳ በሰው ኮምፒውተር ላይ የግእዝ ገበታ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ቃሉ አማርኛ፣ ፊደሉ ላቲን ይሆናል ማለት ነው። አማርኛን በላቲን የምንጽፍበት አንድ ወጥ ሥርዓት ግን የለንም። «ፀሐይ»ን አንዱ በቲና በኤስ ይጀምራል፣ ሌላው በቲና በዜድ፤ መጨረሻውን አንዱ በዋይ ይዘጋዋል፣ ሌላው በአይ። «ቀ»ን በኪው የሚጽፍም በኬ የሚጽፍም አለ። ይህ መለያየት ለሌባው ሥራ ስለሚያበዛበት ጥቅም አለው። ባለቤቱ ግን ዛሬ በኪው ጽፎ ነገ በኬ ከሞከረ የገዛ ቤቱ በር ይዘጋበታል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ አንድ ልማድ ይዞ በእሱ መጽናት፤ ለምሳሌ «ቀ» ሁልጊዜ በኪው፣ «ጸ» ሁልጊዜ በቲና በኤስ። አጻጻፋቸው የሚያወዛግቡ ቃላት በዕጣ ሲወጡም ትቶ ሌላ ማውጣት ነውር የለውም።

እዚህ ላይ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሊሠራው የሚችል ትልቅ ሥራ አለ። የአማርኛ መምህራኑና የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎቹ ተቀምጠው፣ ገበሬውም ተማሪውም የሚያውቃቸውን 7,776 አጫጭር የአማርኛ ቃላት ቢመርጡ፣ እያንዳንዱንም በአንድ ቁርጥ ያለ የላቲን አጻጻፍ ቢያስቀምጡ፣ ለሕዝብ በነጻ ሊሰጥ የሚችል መሣሪያ ይሆናል። ኤሌክትሮኒክ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለእንግሊዝኛ ያደረገው ይህንኑ ነው። ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም፤ የአንድ ክረምት ትጋት ይበቃዋል።

ጠንካራ የይለፍ ቃል ያወጣ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው፤ አንዱን ለሁሉም ይጠቀምበታል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከሊንክድኢን የተሰረቁት የይለፍ ቃሎች ብዙ መዘዝ አምጥተዋል። የድሮፕቦክስ አንድ ሠራተኛ ያንኑ የይለፍ ቃል በመሥሪያ ቤቱም በመጠቀሙ ሌቦች በዚያ ገብተዋል። ማርክ ዙከርበርግም ሳይቀር እ.ኤ.አ. በ2016 የትዊተርና የፒንተረስት ገጾቹን የተነጠቀው ከዚያው ስርቆት በወጣና እጅግ ቀላል በሆነ ቃል ነው። የፌስቡክ መሥራች ከዚህ ካልዳነ ማንም አይድንም። ለኢሜይል፣ ለባንክና ለቴሌግራም ሦስት የተለያዩ ኀረጎች ማውጣት የግድ ነው። ለቀሪው ሁሉ የይለፍ ቃል የሚያስቀምጥ መተግበሪያ መጠቀም ይቻላል፤ ስልኮቹ ራሳቸው ይዘውት ይመጣሉ። በወረቀት መጻፍስ? በቤት ውስጥ ከሆነ ምንም ክፋት የለውም። የደኅንነት ባለሙያው ብሩስ ሽናየር ገና እ.ኤ.አ. በ2005 ጻፉትና ከገንዘባችሁ ጋር አስቀምጡት ብሎ መክሯል። የገጠሩ ሰው የመሬት ይዞታ ደብተሩን የሚያስቀምጥበት ሣጥን ለዚህ የተመቸ ነው። ወረቀቱ የባለቤቱ ሣጥን ውስጥ ይሁን እንጂ በሱቅ መደርደሪያ ላይ አይሁን።

ይህ ሁሉ ተደርጎም የይለፍ ቃል የማይመልሰው ጥቃት አለ፤ ይህን ሳይናገሩ ማለፍ አንባቢን መሸንገል ይሆናል። በቴሌግራም የሚመጣውን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከሚታወቅ ጓደኛ ስም «ስልክሽ ላይ ቁጥር ገብቷል፣ እባክሽ ላኪልኝ» የሚል መልእክት ይመጣል። ቁጥሩ የመግቢያ ኮድ ነው። ከተላከ በኋላ የቴሌግራሙ ባለቤት ሌላ ይሆናል፤ ወዲያው ለወዳጅ ዘመድ ሁሉ «ትንሽ ብር ላኩልኝ፣ ነገ እመልሳለሁ» የሚል ይደርሳል። «ከኢትዮ ቴሌኮም ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል» ብሎ ፒን የሚጠይቀውም የዚሁ ወገን ነው። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ከኮዱ በተጨማሪ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ሁለተኛ በር አለው። በቅንብሩ ውስጥ ገብቶ ማብራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ከላይ የተባለው ባለ አምስት ቃል ኀረግ ቦታው እዚያ ነው።

ከዚህ የከፋውም ደርሷል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2013 በውጭ አገር የሚገኙ የኢሳት ቴሌቪዥን ባልደረቦች ሃኪንግ ቲም በተባለ የጣሊያን ኩባንያ የስለላ ፕሮግራም ዒላማ መደረጋቸውን በካናዳ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ በየካቲት 2014 አጋልጧል። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ኮምፒውተር ውስጥ ከገባ የሚተየበውን ሁሉ ስለሚያይ የቃሉ ርዝመት አይመልሰውም፤ መከላከያው ያልታወቀ ፋይል አለመክፈት ነው። ያው ኩባንያ ራሱ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ተዘርፎ ምስጢሩ ሲበተን ግን የአንድ ደኅንነት መሐንዲሱ ብዙዎቹ የይለፍ ቃሎች «ፓስወርድ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ኦ-ን በዜሮ ከመተካት ያላለፉ ሆነው ተገኙ። የሰውን ሁሉ ጓዳ ሊበረብር የተቋቋመ ድርጅት የራሱን በር እንዲህ ነበር የሚዘጋው።

እንግዲህ ከማን ምን ይጠበቃል? ከሞባይል ቤቶች የሚጠበቀው ትንሽ ነው፦ የይለፍ ቃል የሚጠይቀው ሣጥን ሲመጣ ስልኩን ለገዢው መስጠትና ፊትን ማዞር፤ በደብተር የተመዘገበውንም ቀዶ ማቃጠል። መጻፍ የማይችል ደንበኛ ሲመጣ አብሮት የመጣው የቅርብ ዘመዱ ይርዳው። ያለፈቃድ ወደ ሰው ሒሳብ መግባት በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንደሚያስቀጣም የሱቁ ልጆች ሊነገራቸው ይገባል፤ አብዛኞቹ ቅን ልጆች ናቸውና ከሰሙ ይጠነቀቃሉ።

ከባንኮችና ከቴሌኮም ድርጅቶች የሚጠበቀው ግን ይበዛል። ወኪል የደንበኛን ፒን እንዳይጠይቅ በውል ይከልክሉ፤ የጠየቀውንም ይቅጡ። ማየት ለተሳናቸውና ማንበብ ለማይችሉ ደንበኞች በአማርኛ ድምፅ የሚመራ፣ ፒኑን ደንበኛው ብቻ የሚጫንበት መንገድ ይዘርጉ። ደንበኛ ፒን ሲያወጣ 123456ን፣ ተመሳሳይ አሃዞችንና የልደት ቀንን ሥርዓቱ ራሱ አይቀበል። ሠራተኞቻቸውን የይለፍ ቃል በየሦስት ወሩ ማስለወጥ ይተዉና ረጅም ኀረግ ይፍቀዱላቸው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የሰው መረጃ የሚይዝ ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ጥሏል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተለው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባለሥልጣኑ ሥራውን ከትልልቅ የአዲስ አበባ ሕንጻዎች ብቻ ሳይሆን ከወኪል ሱቆችና ከነዳጅ ማደያዎች ጭምር ቢጀምር፣ በአዘዞ የወኪል ሱቅ ደጃፍ ሰልፍ የያዙት እናት ፒናቸውን ጮክ ብለው መናገር አያስፈልጋቸውም።